የንጉሡ ጫካና የአክስቴ ጥያቄ

ለንደን የሚኖር ሐበሻ "እንግሊዝን አውቃታለሁ" ሲላችሁ አትመኑት። የሚያውቀው የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የሥራ ቦታውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤትና እንጀራ የሚገዛበትን ሱቅ ነው። ሃያ ዓመት የኖረውን ሰው ያዙና "ለመሆኑ ከለንደን ወጥተህ ታውቃለህ?" በሉት። "እንዴታ! ሉተን ሄጃለሁ" ይላችኋል። ሉተን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የሄደውም ርካሽ ቲኬት አግኝቶ ሮም ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሲበር ነው።

አይፈረድበትም። እኛ ከገጠር ለመውጣት ብዙ የከፈልን ሰዎች ነን። ወላጆቻችን ከጭቃ ይውጡ ብለው አስተምረውን፣ ተምረን፣ ባሕር ተሻግረን፣ በስንት መከራ አስፋልት ላይ ከቆምን በኋላ፣ ገንዘብ ከፍለን ተመልሰን ጭቃ እንርገጥ ማለት ለጤነኛ ሰው የሚነገር ነገር አይደለም። እንግሊዞቹ ግን ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። ቅዳሜ ሲደርስ ቡት ጫማቸውን ያጠልቃሉ፣ ውሻቸውን ያስከትላሉ፣ ሻያቸውን በቴርሞስ ይይዛሉ፣ የዝናብ ልብሳቸውን ይደርቡና ጫካ ይገባሉ። ከእንግሊዝ ምድር በደን የተሸፈነው አንድ አሥረኛው ገደማ ቢሆን ነው። እሱኑ ተሻምተው ሲዞሩት ይውላሉ።

እኔን ለዚህ ጉድ የዳረጉኝ አክስቴ ናቸው። ከመንዝ ለጥየቃ መጥተው ነበር። ቤተ መንግሥቱን አሳየኋቸው፤ "ንጉሡ ዛሬ አይወጡም?" ብለው ጠየቁ። አይወጡም ስላቸው "እንግዲያው ግንብ ለማየት ኖሯል የመጣሁት" አሉ። ቴምዝ ወንዝን አሳየኋቸው፤ ደፍርሷል አሉ። ትልቁን ሰዓት አሳየኋቸው፤ የእጅ ሰዓታቸውን ገልበጥ አድርገው አዩና "ይኼም ተበላሽቷል" አሉ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ስማ አንተ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ ሕዝብ የሚበላው ከየት ነው? እስቲ ባላገሩ ያለበትን አሳየኝ።"

ኒው ፎረስትን የመረጥኩት ከዋተርሉ ጣቢያ ቀጥታ የሚወስድ ባቡር ስላለ ነው። ቦታው በደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሻየር ውስጥ ነው፤ ብሮከንኸርስት የምትባል መንደር ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ጊዜው ጥቅምት ነበር። አክስቴ የጽጌን ጾም ይዘዋል። ነጠላቸውን ከእኔ ጃኬት በላይ ደርበው፣ የጎረቤት ቡት ጫማ ተውሼላቸው፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ተሳፈርን።

ባቡሩ ከከተማው እንደወጣ ዓይናቸው ከመስኮቱ አልተነቀለም። በአጥር በአጥር የተከፋፈለ አረንጓዴ መስክ፣ በመስኩ ላይ በግ፣ ከበጉ አጠገብ ማንም የለም።

"እረኛው የታለ?"

"የለም፣ እትዬ።"

"እና ማን ይጠብቃል?"

"አጥሩ።"

"ሌባ ሲመጣ አጥሩ ይጮሃል?" አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ "ሰነፍ አገር ነው" ብለው ፈረዱ። ሁለት ጣቢያ እንዳለፍን ፍርዳቸውን አሻሻሉት፦ "ወይ ጥጋብ ነው።"

ብሮከንኸርስት ወርደን መንደሯ ውስጥ ገና ጥቂት እንደተራመድን አንዲት ቡናማ ባዝራ ሱቅ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ኮርቻ የላት፣ ልጓም የላት፣ ባለቤት የላት። ገበያተኛው በጎኗ ሾልኮ ይገባል፣ በጎኗ ሾልኮ ይወጣል። ወረድ ብሎ አንድ አህያ መንገዱን አግድም ዘግቶ ቆሟል፤ ከኋላው ሦስት መኪና ተሰልፏል። ጥሩምባ የነፋ የለም። አሽከርካሪዎቹ አህያው ጉዳዩን እስኪጨርስ እጃቸውን መሪው ላይ ጭነው ይጠብቃሉ። አክስቴ ደነገጡ።

"ኧረ ንገራቸው! የሰው ከብት ጠፍቶ መጥቷል!"

አልጠፋም። ኒው ፎረስት ውስጥ አምስት ሺህ ያህል ፈረሶች፣ ከነሱም ጋር ላሞችና አህዮች ዓመቱን ሙሉ እንደልባቸው ይሰማራሉ። በመንደር ያልፋሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ስር ይጠለላሉ፣ ሲያሻቸው አስፋልት ላይ ይተኛሉ። አጥር በሌለው መንገድ መኪና በሰዓት ከ40 ማይል በላይ አይነዳም። ክልሉ በሚያበቃበት ላይ መንገዱ ተቆፍሮ የብረት ዘንግ ተረብርቦበታል፤ መኪና ያልፍበታል፣ ሰኮና ያለው ፍጡር ግን አይደፍረውም። እንግዲህ አጥሩ ይኼው ነው። ፈረሶቹ ደግሞ ዱር አደር መሰሉ እንጂ አንዳቸውም ባለቤት አልባ አይደሉም።

ከመንደሯ ወጥተን ሜዳ ላይ ስንደርስ ሌላ ችግር ተፈጠረ። አክስቴ ዙሪያውን ቃኙ። እስከ አድማስ ቡናማ ቁጥቋጦ የለበሰ፣ እዚህም እዚያም ውኃ የተኛበት ገላጣ መሬት ነው።

"ጫካ ብለኸኝ አልነበር? ጫካው የታለ?"

ጫካውማ ከሜዳው ማዶ አለ። ግን ይህ ክልል በሕግ ሲከለል የታሰበው ለዛፉ አልነበረም፤ ለንጉሥ አደን ነው። ስለዚህ ግማሹ ዛፍ፣ ግማሹ ቁጥቋጦና ረግረግ ነው። አክስቴ ማብራሪያዬን ሳያስጨርሱ ጎንበስ ብለው ከቁጥቋጦው አንዷን ቀንበጥ ቀነጠሱ። ቅጠሏ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ አበባዋ ደርቆ ቡናማ የሆነ ነው። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ሳቁ።

"አስታ ነው! እዚህ ብርዱ አላሳድገው ብሎ ድንክ ሆኖ ቀርቷል እንጂ አስታ ነው።"

እውነታቸውን ነው። እንግሊዞች ሄዘር የሚሉት ይህ ቁጥቋጦ በመንዝ ደጋ ከሚበቅለው አስታ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አስጎብኚው እኔ መሆኔ ቀረ።

እየተጓዝን ሳለ ትልቁ ጥያቄ መጣ። "ወዴት ነው የምንሄደው?"

"የትም፤ በእግራችን እየተንሸራሸርን ነው።"

ቆሙ። "ዘመድ አለህ?"

"የለኝም።"

"ጸበል አለ?"

"የለም።"

"ገበያ ነው?"

"አይደለም። ዞረን ዞረን ወደ ጣቢያው እንመለሳለን።"

"ተነሥተን ወደ ተነሣንበት ለመመለስ ነው ይኼን ሁሉ የባቡር የከፈልከው?"

ይህን ለመንዝ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። መንዝ ውስጥ ሰው የሚራመደው ለጉዳይ ነው፤ ያለ ጉዳይ ተራራ ለተራራ ሲዞር የተገኘ ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል ወይ ጸበል ያስፈልገዋል። እንግሊዞች ግን ዞሮ መግባትን ማዕረግ ሰጥተውታል። ማኅበር አላቸው፣ የእግረኛ መጽሐፍ አላቸው፣ ከሁሉ በላይ ካርታ አላቸው። ካርታውን የሚያወጣው ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1791 ሲቋቋም ፈረንሳይ ደቡቡን ጠረፍ ትወራለች ተብሎ ለመድፈኞች ነበር። ፈረንሳይ ሳትመጣ ቀረች፤ ካርታው ለእግረኛ ተረፈ። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው፣ ሲዘረጋ የምግብ ጠረጴዛ የሚሸፍን፣ በነፋስ ደግሞ ፈጽሞ የማይታጠፍ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ጉብታ፣ እያንዳንዱ ኩሬ፣ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ቀርቶ እያንዳንዱ መጠጥ ቤት ተመዝግቦበታል። ጠላት ቢገባ ኖሮ ቢያንስ ቢራ አይቸግረውም ነበር።

ሌላው የጫካው ተአምር ሰላምታው ነው። ለንደን ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ዓመት ሙሉ በአንድ ባቡር ተሳፍራችሁ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክታችሁ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ትኖራላችሁ። ያው ሰው ጫካ ውስጥ ሲያገኛችሁ ከሩቅ ፈገግ ይላል፤ "ጥሩ ቀን ነው" ይላል፤ ውሻው ስለ ነካችሁ ይቅርታ ይጠይቃል። ጥሩ ቀን የሚለው እየዘነበ ነው። አክስቴ ደግሞ ሰላምታ በጥራዝ ነው የሚሰጡት። የመጀመሪያዎቹን ባልና ሚስት ሲያገኙ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ "እንደምን ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ፣ ልጆች ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው በአማርኛ ጨረሱት። ሰዎቹም ቆመው ሰሙ፤ ጎንበስ ብለው መለሱ። አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም። አክስቴ እንግሊዝ ጨዋ ሕዝብ መሆኑን ያመኑት ያን ጊዜ ነው። ከተማው ውስጥ ያሉትን "የነሱ ወገን አይደሉም" ብለው ለይተዋቸዋል።

ዛፉ ውስጥ ስንገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጅብ አለው?" የለውም። "ነብር?" የለውም። "ተኩላ?" ድሮ ነበረ፤ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጨርሰውታል። ድቡንም እንዲሁ። በእንግሊዝ ጫካ ውስጥ መርዝ ያለው እባብ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ሲያይ ይሸሻል። የሚያሠጋው አውሬ መዥገር ነው፤ በሽታ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው ከባንክና ከጽሕፈት ቤት የመጡ የተከበሩ ሰዎች ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ሸጉጠው የሚዞሩት። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ዱላቸውን ጣል አደረጉት። ከመንደሯ ጀምሮ ይዘውት የመጡት ለጅብ ነበር።

ዱላውን መጣል አልነበረባቸውም። መንገዱ ዳር እጃቸውን አንድ ቅጠል ነካው፣ "እፍ!" አሉ። ሳማ። የእንግሊዝ ሳማ ከኛው ሳማ ጋር ሥጋና ደም ነው፤ አቃጣጠሉም የታወቀ ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ የሕክምና ምክር ስፈልግ እሳቸው ጎንበስ ብለው ሦስት እርምጃ ሳይርቁ ሰፋፊ ቅጠል በጥሰው እጃቸውን ያሹት ጀመር። ቱልት ነው። የእንግሊዝ ልጆችም ሳማ ሲያቃጥላቸው ይህንኑ የቱልት ዘመድ ፈልገው ነው የሚያሹት፤ እናቶቻቸው ያስተምሯቸዋል። ሁለቱ ተክሎች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። አክስቴ እጃቸው ሲበርድላቸው ሳማውን ቁልቁል አዩት፤ "ለጋ ቢሆን ኖሮ ለጾም ወጥ ይሆን ነበር" አሉ። እንግሊዞችም በጸደይ ሾርባ እንደሚሠሩበት ስነግራቸው "ታዲያ ምን ጎድሏቸው ነው አገራችን እርዳታ ይዘው የሚመጡት?" አሉ።

ከዚያ አሳማዎቹ መጡ።

አምስት ስድስት ይሆናሉ። መሬቱን እያሸተቱ፣ እያንኮሻኮሹ፣ ማንንም ሳያዩ ወደኛ ያዘግማሉ። አክስቴ "በስመ አብ!" ብለው ካማተቡ በኋላ ካየሁት ዛፍ ሁሉ ወፍራሙን መርጠው ከኋላው ቆሙ። እርኩስ እንስሳ ከነግልገሎቹ መንገድ ላይ ሲመጣ፣ ያውም በጽጌ ጾም፣ ያውም ጌታው ሳይኖር! አንደኛዋ እናት አሳማ ከጫማዬ ሥር የወደቀ የኦክ ፍሬ ለቀመች፤ ቀጭ አድርጋ ሰበረችው፣ አላመጠች፣ ቅርፊቱን በከንፈሯ ጫፍ ተፋች። አፍንጫዋ ላይ የብረት ቀለበት አለ፤ መሬቱን ቆፍራ እንዳታበላሽ ነው።

ነገሩ ጥበብ አለው። በዚህ ወቅት የኦክ ዛፍ ፍሬውን ያራግፋል። ፍሬው ጥሬውን ለፈረስና ለላም መርዝ ነው፤ ብዙ ከበሉ ይሞታሉ። አሳማን ግን ያወፍረዋል። ስለዚህ በየዓመቱ በመስከረም ገደማ የአሳማ ባለቤቶች አሳማቸውን ለሁለት ወር ያህል ይለቃሉ፤ አሳማው ይጠግባል፣ ፈረሱ ይድናል። ልማዱ ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ነው። ይህን ከዛፉ ጀርባ ላሉት አክስቴ እየጮህኩ አስረዳሁ። ጥቂት አሰቡና "እሺ፣ ለፈረሱ ሲሉ ከሆነ ይሁን። እሪያውን ግን አርቅልኝ" አሉ።

የአክስቴን ጥያቄ ሁሉ በወጉ የመለሰችላቸው መንገድ ላይ ያገኘናት አንዲት ሴት ናት። ዕድሜዋ የእሳቸው እኩያ ነው፤ ጭቃ የለበሰ ቡት፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ። አንዲት ባዝራ አጠገብ ቆማ እግሯን ታያለች። አክስቴ ሰላምታቸውን አድርሰው ሲያበቁ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ። "የሷ ናት በላት?" አዎ፣ የሷ ናት። "ሌሎችም አሏት?" አሏት። ቁጥሩን ልጠይቅ አፌን ስከፍት አክስቴ ክንዴን ያዙኝ፦ "ተው፣ የከብት ቁጥር አይጠየቅም። ይቀስፋል።" ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አክስቴ የባዝራዋን ጭራ አይተዋል። በአንድ ወገን በመቀስ ተቆርጧል። "ጭራዋን ምን ሆነች?" ሴትዮዋ እንዲህ አለች፦ ጫካው ውስጥ አጂስተር የሚባሉ፣ በፈረስ እየዞሩ ከብቱን የሚቆጣጠሩ ሰዎች አሉ። ባለከብት ለእያንዳንዱ እንስሳ በየዓመቱ ክፍያ ይከፍላል። ሲከፍል አጂስተሩ ጭራውን ይቆርጣል፤ እያንዳንዱ አጂስተር የራሱ አቆራረጥ አለው። ስለዚህ ጭራ ያየ ሰው ፈረሱ ከየትኛው ወገን እንደሆነና የተከፈለበት መሆኑን ከሩቅ ያውቃል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ተደሰቱ። "ግብር የከፈለ ሰውም ፀጉሩን እንዲህ ቢቆርጡለት፣ ስንቱን እናውቀው ነበር!"

"መሬቱስ የማን ነው?" ይህ ነበር ጠዋት ከባቡሩ ጀምሮ በልባቸው ያለው ጥያቄ። አብዛኛው የዘውዱ ነው። የግጦሹ መብት ግን የነዋሪው ነው፤ መብቱም የተጣበቀው ከሰውዬው ጋር ሳይሆን ከቤቱና ከይዞታው ጋር ነው። ቤቱን የገዛ መብቱን ይገዛል። አንዱ ቤት ከብት የማሰማራት መብት አለው፣ ሌላው አሳማ፣ ሌላው ማገዶ። ጠብ ሲነሣ ሊንድኸርስት በምትባለው መንደር ቨርደረር የሚባሉ አሥር ዳኞች ያሉበት ችሎት አለ። ከአሥሩ አምስቱን የሚመርጡት ባለመብቶቹ ራሳቸው ናቸው። በወር አንድ ጊዜ ችሎቱ በግልጽ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ተነሥቶ አቤቱታውን ያሰማል። ስለ ውሻ፣ ስለ መኪና ፍጥነት፣ ስለ ብስክሌት፣ ፈረስ ስለሚቀልቡ ጎብኚዎች። "ይጨቃጨቃሉ?" ብለው ጠየቁ አክስቴ። ሴትዮዋ ሳቀች። "ሌላ ምን እንሠራለን?" አለች።

የጭቅጭቁ ዕድሜ ረጅም ነው። ክልሉን እ.ኤ.አ. በ1079 ገደማ ለአደን የከለለው ከኖርማንዲ መጥቶ እንግሊዝን የያዘው ቀዳማዊ ዊልያም ነው። ከዚያ ወዲህ አጋዘኑ የንጉሥ ሆነ፤ ገበሬ ማሳውን አጥር ማጠር ተከለከለ፤ ውሻ አጋዘን እንዳያባርር የፊት እግሩ ጥፍር ይቆረጥ ነበር። የድሮ ጸሐፊዎች መንደርና ቤተ ክርስቲያን አፍርሷል ብለው ጽፈዋል፤ የዛሬ ተመራማሪዎች ተጋንኗል ይላሉ። ያልተጋነነው ግን የቤተሰቡ ዕጣ ነው። የዊልያም ልጅ ሪቻርድ እዚሁ ጫካ ለአደን ወጥቶ ሞተ። የልጅ ልጁም፣ እሱም ሪቻርድ፣ እዚሁ ሞተ። በዚያው ዓመት፣ በ1100፣ ነሐሴ ወር መግቢያ ላይ፣ ዘውዱን የወረሰው ልጁ ዳግማዊ ዊልያም አደን ላይ ሳለ በቀስት ተመትቶ ወደቀ። ቀስቱን የለቀቀው ዋልተር ቲረል የሚባል ባላባት ነው ተባለ፤ አጋዘን ስቶ ነው ተባለ። አብሮ የነበረው ወንድሙ ሄንሪ ግን ሬሳውን ትቶ ወደ ዊንቸስተር ጋለበና ግምጃ ቤቱን ያዘ፤ በሦስተኛው ቀን ለንደን ላይ ዘውድ ጫነ። ንጉሡ ወድቆበታል በተባለው ቦታ፣ ሚንስቴድ ከሚባል መንደር አጠገብ፣ ዛሬ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ።

ይህን ለአክስቴ ስተርክ አንዲትም ጥያቄ አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ግፍ ነው" አሉ። "የድኻ መሬት አደን ሲያደርጉት ግፉ በልጅ በልጅ ልጅ ወጣ።" የዘመኑ መነኮሳትም ያሉት ይህንኑ ነው። "ገዳዩም ወንድምየው ነው" ብለው ጨመሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች ማስረጃ አላገኙም ስላቸው ተናደዱ። "ለቅሶ ሳይቀመጥ ግምጃ ቤት የሄደ ወንድም ምን ማስረጃ ይፈልጋል?"

ከነገሥታቱ በኋላ ደግሞ መርከብ መጣ። እዚሁ አጠገብ፣ ባክለርስ ሃርድ በተባለች የወንዝ ዳር መንደር፣ ኋላ ዝነኛው የባሕር አዛዥ ኔልሰን ያዘዛት፣ በ1781 ያለቀችው አጋሜምኖን የጦር መርከብ ስትሠራ ሁለት ሺህ ያህል የኦክ ዛፍ እንደተቆረጠላት ይነገራል። መንግሥት ለመርከብ የሚሆን ዛፍ ለመትከል በየጊዜው የግጦሹን መሬት ያጥር ነበር። በ1851 በወጣው ሕግ አጋዘኑን አጥፍቶ በምትኩ ተጨማሪ መሬት ሊያጥር ተነሣ። ባለከብቶቹ "እንዲህማ አይሆንም" አሉ። ፈረሳቸውን ይዘው እንደሚያፈገፍጉ ተጠብቆ ነበር፤ አላፈገፈጉም። ሃያ ስድስት ዓመት ተጨቃጭቀው በ1877 አዲስ ሕግ አስወጡ፤ አጥሩ ቆመ፣ የቨርደረሮቹ ችሎትም ወደነሱ ወገን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ክልሉ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ፈረሱም አሳማውም ጭቅጭቁም ከነነፍሳቸው ፓርክ ውስጥ ገቡ።

አክስቴን ይህ አልገረማቸውም። እሳቸው ባደጉበት በመንዝ ጓሳ እንዲሁ ነበርና። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው በሚባለው ሥርዓት የጓሳ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ አለቃ ተመርጦ ይጠብቀዋል፤ ሲደርስ ይከፈትና ባለርስቱ ሁሉ በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በተዘጋበት ጊዜ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢናጋም፣ ሕዝቡ ጓሳውን አልለቀቀም፤ ዛሬም በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም የሚኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አክስቴ ይህን ለሴትዮዋ በኔ በኩል አስረዱ። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እናንተም ትጨቃጨቃላችሁ?" አክስቴ መልስ ሳይሰጡ በፊት ሁለቱም ሳቁ።

ከጫካው ወጥተን ወደ እርሻው ስንሻገር የመጨረሻው ፈተና ገጠመን። ቢጫ ቀስት የተለጠፈበት እንጨት የገበሬ ማሳ መሐል ለመሐል አሳየን። አክስቴ እምቢ አሉ። የሰው ማሳ አይረገጥም። የእግረኛ መንገድ መሆኑን፣ ገበሬው ራሱ ሊዘጋው እንደማይችል፣ ቢያርሰው እንኳ መልሶ የማስተካከል ግዴታ እንዳለበት ነገርኳቸው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ ከ200 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህም ቢሆን በነጻ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1932 ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ኪንደር ስካውት የሚባለውን ለባለጸጋ አደን የተከለለ ተራራ በጅምላ ረግጠው ገቡ፤ አምስቱ ታሰሩ። በ1949 የእግረኛ መንገድ በካርታ እንዲመዘገብ፣ በ2000 ደግሞ ተራራና ገላጣ ሜዳ ለእግረኛ እንዲከፈት የሚያዝዙ ሕጎች ወጡ። "ሰው ታስሮበት የተከፈተ መንገድ ከሆነማ ልርገጠው" አሉ አክስቴ። አጥሩ ላይ የተሠራውን የእንጨት መሰላል ነጠላቸውን ሰብስበው፣ "ማርያም ማርያም" እያሉ ወጥተው በዚያ ወገን ወረዱ። ተመልሰውም ደግመው ወጡት፤ ወደዱት።

መጠጥ ቤት ገብተን እሳት ዳር ተቀመጥን። እንግሊዝ ጫካ የሚሄደው እዚህ ለመድረስ መሆኑን አክስቴ በአንድ እይታ ተረዱ፤ "ጉዳዩ ይኼ ነበር እንዴ! ቀድመህ አትነግረኝም?" አሉ። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ውሻ ተኝቷል፤ ለነሱ ውኃ በሳህን ቀርቦላቸዋል። ለእኛ ትእዛዝ የሚቀበል ገና አልመጣም። ጾም በመሆኑ ሥጋው፣ ቅቤው፣ አይቡ ሁሉ ቀረ፤ የተጠበሰ ድንችና የተፈጨ አረንጓዴ አተር መጣ። አክስቴ አተሩን በማንኪያ ቀምሰው ጥቂት አሰቡ። "ይኼ ሽሮ ሊሆን መንገድ ጀምሮ ያቋረጠ ነው" አሉና ከቋጠሯቸው ሚጥሚጣ ጨመሩበት። አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ትንሽ ለመኑን፤ ሰጠናቸው። ፊታቸው ቀላ፣ "ጥሩ ነው" አሉ፣ ሁለት ብርጭቆ ቢራ አዘዙ።

አሁን አክስቴ መንዝ ናቸው። ስለ ለንደን ሲጠየቁ ከተማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ወደ ጫካው እንደሚገቡ ሰምቻለሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ያንን ጫካ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ያቆየው ንጉሡ አይደለም፤ ንጉሡማ አደኑን አድኖ ሄደ። ያቆዩት ላማቸውንና ፈረሳቸውን ያሰማሩ፣ "ይህች የኔም ናት" ብለው በየወሩ ችሎት የሚቆሙ ጨቅጫቆች ናቸው። ባለቤት ነኝ የሚል የሚበዛበት ጫካ ቶሎ አይቆረጥም።

እንግዲህ እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው እንዳለ ሆኖ አንዱን ቅዳሜ ለባቡሩ ስጡት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አያት ካለ አያቱን አስቀድሙ፣ ከመጽሐፍ የበለጠ ያስረዳሉ። ቡት ጫማ አድርጉ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ማንም አይስቅባችሁም። ፈረሱን አትቀልቡ፣ አትዳስሱ፤ ባለቤት አለው፣ ክልክልም ነው። ላገኛችሁት ሁሉ ሰላምታ ስጡ። ሚጥሚጣ አትርሱ። ከአሳማ ጋር መገናኘት የማትፈልጉ ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት አትሂዱ።